ግማሽ ኪኒን

አዲስ አበባ ላብራቶሪ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ገና ጓንቴን ሳላጠልቅ፣ ኃላፊያችን ዶክተሯ «እዚህ ቫይረስ አንገድልም፤ እናሠለጥነዋለን» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሥራው ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ቫይረሱ መድኃኒትን እንዴት እንደሚለምድ ማወቅ ነው። የሰው ሴል ፍላስክ በምንለው ጠርሙስ ውስጥ እናሳድጋለን፤ ኤች አይ ቪ እንጨምርበታለን። ቀጥሎ መድኃኒት፣ ግን ቫይረሱን የማይጨርስ፣ ጥቂት ብቻ። ቫይረስ ሲባዛ ራሱን እየተሳሳተ ይገለብጣል፤ ከስህተቶቹ አንዱ ለመድኃኒቱ የማይበገር ሆኖ ይወጣል። የተረፈውን በፒፔት፣ በቀጭኗ መምጠጫ፣ ወደ አዲስ ፍላስክ እናዛውራለን፤ መጠኑን እንጨምራለን። ከወራት በኋላ ድሮ ይፈጀው በነበረው መድኃኒት ውስጥ ተመችቶት ይኖራል።

አንድ ቀን ተሳስቼ ገና ከጅምሩ ሙሉውን መጠን ጨመርኩ። ቫይረሱ አለቀ። «ፈወስከው» አለችኝ ዶክተሯ፣ «ሥራችንን አበላሸህ።»

ኋላ ሰቆጣ ተመልሼ ሆስፒታል ደም ቀጂ ሆንኩ። በጦርነቱ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ እማማ ብርነሽ ከአበርገሌ በእግራቸው መጡ። የእሳቸው የኤች አይ ቪ ኪኒን ገና አላለቀም፤ የባላቸው አልቋል፤ የእኛም መድኃኒት ቤት ባዶ ነው።

«ግማሽ ግማሽ ብንወስደውስ፣ ልጄ?»

ሰልፉ ረዝሟል። እግራቸው ቆስሏል።

«ከምንም ይሻላል» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ደም ስቀዳ የላብራቶሪው ሥራ ትዝ አለኝ። በጥቂት መድኃኒት አበርገሌ ውስጥ ሁለት ፍላስክ ከፍቻለሁ። ስልክ የለም፤ ወደ አበርገሌዋ ከተማ ወደ ኒሯቅ የሚሄድ ሰው አጣሁ። ሌላው የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲፈራ እኔ የምፈራው ቢላዋ ነበር፤ ኪኒኗን ለሁለት የሚከፍላትን።

መንገዱ ሲከፈት ሁለቱም ሙሉ መጠን ጀመሩ። ወራት ጠብቄ ደማቸውን ቀዳሁ፤ ናሙናው ተላከ። ፖስታ በመጣ ቁጥር ቀድሜ የምከፍተው እኔ ነበርኩ።

የባልየው ቫይረስ ከደማቸው ጠፍቷል። ኪኒናቸውን ያካፈሉት የእማማ ብርነሽ ግን እንደ ልቡ ይራባል፤ የማይበገረው ስህተት የወጣው በእሳቸው ደም ነው። ደገምነው፤ ያው ሆነ። ሐኪሙ ወደ ሌላ መድኃኒት አዛወራቸው፤ ያም እንቢ ካለ የሚቀረው ጥቂት ነው።

«አንድም ቀን አላስታጎልኩም» አሉኝ እማማ ብርነሽ።

ግማሹ እንዳበላሸው፣ የፈቀድኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«አታውቅም ኖሯል?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው አዲሱን ኪኒን ተቀበሉ። አልመረቁኝም።

ባልደረቦቼ፣ ሕመምተኛ ኪኒን ላካፍል ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ እዘኑለት፤ ግን አይሆንም በሉት። ጥቂት መድኃኒት ከምንም ሊብስ ይችላል።