የዘጠኝ ዙር ስለት

ነገር ቶሎ የሚገባኝ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሰው አፉን ሳይከፍት ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ እያልኩ ባሌን ሳሰለች ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን፣ ከቤልቪው በስተሰሜን ባለው የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ፣ እንኳን የሰው የራሴም ነገር አልገባ አለኝ።

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። በየጠዋቱ ከምኖርበት ከሬንተን ወደ ጎረቤት ከተማ ቤልቪው እነዳለሁ። የምንከባከባቸው ሴትዮ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ባልቴት ናቸው፤ የሚኖሩት ኢንጂነር ልጃቸው ቤት ነው። እማማ እላቸዋለሁ። የእኔም የእሳቸውም እንግሊዝኛ እግሩ እንደተሰበረ ወንበር ስለሆነ፣ ተጠንቅቀን ነው የምንቀመጥበት። በአብዛኛው በእጅና በዓይን እንግባባለን።

የዚያን ሳምንት ልጃቸው የልብ ቀዶ ጥገና ነበረበት። እሳቸው ደግሞ ስለት አለባቸው። በቤተ መቅደሱ ውስጥ ዘጠኝ ትንንሽ ጥቁር ምስሎች የቆሙበት መደብ አለ፤ ዘጠኙ የሰማይ ከዋክብት ናቸው ይላሉ። ይህን መደብ ለልጃቸው ዘጠኝ ጊዜ ሊዞሩ ተስለዋል፣ ልጁ ቀዶ ጥገና ከመግባቱ በፊት። ምራታቸው ሆስፒታል ከባሏ ጎን ስለነበረች ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ልጁ ከአልጋው ደውሎ፣ «እባክሽን እናቴ እንዳትወድቅብኝ፤ ዳሌዋ ዳግመኛ ከተሰበረ አይጠገንም ብለውናል» አለኝ።

ዋዜማውን ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «አባቴ፣ የሥራ ነገር ነው። አሮጊቷን ቴምፕሉ በር ላይ ድሮፕ አድርጌ መሄድ አልችልም፤ ይዣቸው መግባት አለብኝ» አልኳቸው።

እሳቸውም፣ «ደግፈሽ አስገቢ፣ ደግፈሽ አውጪ። አትስገጂ፤ ከሚያድሉትም አትብዪ» አሉኝ።

ግልጽ ነገር እወዳለሁ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ እዚያ ስንደርስ ግን የመጀመሪያው ግራ መጋባት ጀመረ። ባዕድ ነገር ለማየት ልቤን አዘጋጅቼ ሄጄ፣ የማውቀውን ነገር አየሁ። ሰው ጫማውን ደጅ ያወልቃል። እናቶች ነጠላ በመሰለ ነገር ትከሻቸውን ያስተካክላሉ። የሚገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የበሩን መድረክ በእጁ ይነካና ግንባሩን ይነካል፤ እኛ ደጁን እንደምንሳለመው። እውነቴን ነው የምለው፣ ተናደድኩ። ልዩ መሆን ነበረበት እኮ! ልዩ ካልሆነ እኔ ምኑን ነው የምጠነቀቀው?

እማማ ጫማቸውን እያወለቁ ሳለ እኔ መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ አልኩ። ዱብ ዕዳው እዚያ ጠበቀኝ። የወር አበባዬ ከቀኑ ስምንት ቀን ቀድሞ መጥቷል።

በእኔ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ነገሩ ያለቀ ነው። ደጅ እቆማለሁ፤ ማንም ለምን አይለኝም፣ ሁሉም ያውቃል። እዚህስ? የአምላኬ ቤት ካልሆነ ብገባ ምን አለበት? ምንም ከሌለበት ደግሞ ለምን እንዲህ አፈርኩ? እነሱስ እንደኛ ይህ ሕግ ይኖራቸው ይሆን? ካላቸው፣ ሰው የሚያከብረው ቤት ውስጥ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልግባ? ካልገባሁ ደግሞ እማማ ቢወድቁስ? እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤ ወጣሁ። ቢታጠቡት የሚለቅ ነገር አልነበረም።

እማማ ዎከራቸውን፣ ያቺን ባለአራት እግር መደገፊያ፣ ተደግፈው በሩ ላይ ይጠብቁኛል። «እኔ ዛሬ አልገባም» አልኳቸው።

«ለምን?»

ሁለት ወንዶች አጠገባችን ጫማ ያወልቃሉ። ሴት ልጅ ይህን በወንድ ፊት አታወራም፤ እኔ ደግሞ ቃሉን በእንግሊዝኛ እንኳ ዝቅ አድርጎ መናገሪያውን ዘዴ አላውቅም። ወደ ራሴ ጠቆምኩ፣ ወደ ውስጥ ጠቆምኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። እማማ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩ። ፊታቸው ተዘጋ። «ገባኝ፤ ክርስቲያን» አሉና ዎከራቸውን እየገፉ ብቻቸውን ገቡ።

ነገሩ ተገልብጦ እኮ ነው የገባቸው! ቤታቸውን አክብሬ ብቀር ንቄ የቀረሁ መሰላቸው። ተከትዬ ገብቼ «አልናቅኩም» ልበላቸው? ከሁለት ያጣሁ ሆኜ በመስታወቱ በር ላይ ግንባሬን ለጥፌ ቀረሁ።

ከዚያ መደቡን ሲዞሩ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ዎከሩን መደቡ ጎን ትተውት የመደቡን ጠርዝ ተደግፈው ነው የሚዞሩት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አራተኛው ላይ ቆመው ተነፈሱ። ስድስተኛው ላይ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። ሰባተኛውን እንደጨረሱ ግን እጃቸው ጠርዙን ሳተ፤ ወደ ጎን አዘነበሉ።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ወገባቸውን ስይዝ ሁለታችንም ወደ መሬት ወርደን ነበር፤ ጉልበቴ መሬት ነካ፣ የእሳቸው ግን አልነካም። ቀና ስል ሰው ሁሉ እግሬን ያያል። ከነስኒከሬ ነው የገባሁት፤ የደጁ ጭቃ ከበሩ እስከ መደቡ ድረስ ታትሟል። እማማ ጫማዬን አይተው በእጃቸው «ውጪ፣ ውጪ» አሉኝ። ደግፌያቸው ወጣን።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሳ ቁጭ አልን። ካፊያው መስታወቱን ሸፈነው። እማማ ያለቅሳሉ። «ሰባት» አሉ፣ «ሁለት ቀረ። ልጄ ነገ።» ዝም ማለት አቃተኝ። እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው። ሆዴን ነካሁ፣ የካላንደሩን ቀን ስልኬ ላይ አሳየሁ፣ «በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ስሆን አልገባም» አልኩ። «መናቅ አይደለም።»

ገባቸው። ከምፈልገው በላይ ገባቸው። እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡና ወደ መስኮቱ ሸሸት አሉ።

ወዲያው ገባኝ፤ ሕጉ እነሱም ዘንድ አለ፤ እንዲያውም የእነሱ እስከ አለመነካካት ይደርሳል። ደሜ ፈላ። አሁን ከመውደቅ ያዳንኳቸው በዚህ እጅ አይደለም እንዴ? ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፣ እሳቸው ከእኔ ይሸሻሉ! ግን ደግሞ በምን አፌ ልናገር? ደጅ የቀረሁት እኮ እኔ ራሴ ነኝ። ያንኑ ሕግ እኔ ስጠብቀው ክብር፣ እሳቸው ሲጠብቁት ንቀት ሊሆን ነው? መናደዴን ሳልጨርስ ማፈር ጀመርኩ፣ ማፈሬን ሳልጨርስ መልሼ ተናደድኩ።

ከዚያ እማማ የመኪናውን በር ከፈቱ። በእጃቸው ሕንፃውን ከበው አሳዩኝ። በውጭ በኩል። ቤቱን ከነከዋክብቱ መዞር ማለታቸው ነው። ዎከሩ ውስጥ ቀርቷል፤ እኔ ልገባ አልችልም፣ እሳቸው ያለ ደጋፊ አይንቀሳቀሱም። አሰብ አደረጉና ትከሻቸው ላይ ያሰሩትን ሻሽ ፈትተው ጫፉን አቀበሉኝ። እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሳቸው ሌላውን። ሳንነካካ።

እንዲህ ሆነን ተነሳን። በመኪናዎቹ መካከል፣ በቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አለፍን። አንድ ሰው ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሞ ተመለከተን። አንደኛው ዙር አለቀ።

ሁለተኛው ላይ፣ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ሲሚንቶው የድንጋይ ሽበት አውጥቶ አረንጓዴ ሆኗል። እማማን አንሸራተታቸው። ሻሹ ተወጠረ፣ ከእጄም ሊያመልጥ ነው። በዚያች ቅጽበት ሻሹን ለቀው እጄን ጨበጡ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ ድረስ።

ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ የሚለቁኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልለቀቁኝም።

«እማማ፣ ነግሬዎታለሁ እኮ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ልጄ ነገ።»

ሻሹን ከመሬት አነሳሁና ትከሻቸው ላይ አደረግኩላቸው። የቀረችውን መንገድ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን። እሳቸው በቋንቋቸው እያጉተመተሙ፣ እኔ እግራቸውን እያየሁ። የማን ሕግ እንደፈረሰ፣ የማን እንደተጠበቀ አላውቅም። መዞሩ ሲያልቅ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔም ለማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ልጃቸውን አደራ አልኩ።