እምቢ እያለ የሚለመን ሰው

ሸማ ተራ የነጠላና የጋቢ ጫፍ እየቋጨን የምናድር ሴቶች የምንቀመጠው በሰፈሩ የእድር ቤት በረንዳ ላይ ነው። ቦታውን የሰጡን የእድሩ ሰብሳቢ፣ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ከፀሐይ ግቡ» አሉን፣ ገባን፤ ሌላ ውል የለንም። ከወሎ ከመጣሁ ወዲህ እዚህ አገር የእኔ የምለው ቦታ ቢኖር ያ በረንዳ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ከአንድ ደላላ ጋር መጥቶ በረንዳውን በሜትር ሲያስለካ ልቤ ፈራ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ታሪኩን ሳወራ ግን አንቱ ማለት አልሆነልኝም።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ሊሆን ነው?» አልኩት።

«ለእናንተው ነው እህቴ፣ ጣሪያው እንዳያፈስባችሁ» አለኝ ሙስበሃውን፣ የዚክር መቁጠሪያውን፣ እየቆጠረ። ደላላው ግን ዞር ብሎ፣ «መጋዘን ሲሆን ስንት ጣቃ ይይዛል?» ሲለው ሰማሁ።

ብዙም ሳይቆይ ወሬ ተነሳ። ሽማግሌው ደክመዋል፣ እየረሱ ነው፣ እድሩ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ነጋዴው ይህን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። «አባቴ ማለት ናቸው፣ እንዲህ ሆነው ማየት አልቻልኩም» ይላል። ሰሚው ሽማግሌውን ትቶ ለእሱ ያዝን ነበር።

በዚያው ሰሞን አብነት አካባቢ ያሉ የቲያትር ልጆች አንድ ጋቢ እንድቋጭላቸው አመጡልኝ። ማን እንደሚለብሰው ብጠይቅ «ተንኮለኛው» አሉኝ። ለተንኮለኛ ነጭ ጋቢ ምን ያደርግለታል እያልኩ ቋጨሁት። ሲጋብዙኝ፣ ቲያትር ገብቼ የማላውቅ ሴት፣ የጋቢውን ነገር ለማየት ሄድኩ።

የጥንት እንግሊዛዊ የጻፈው ነው አሉ። ሰውየው የንጉሥ ወንድም ነው፤ ዙፋኑን ይመኛል። አንዱን ወንድሙን በተንኮል ያሳስርና አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። እስረኛው ሲወሰድ ግን ወደ እኛ ዞሮ ያሰበለትን ሞት ይነግረናል፣ ፈገግ ብሎ፣ እንደ ወዳጅ። አዳራሹ ሳቀ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ «ጮሌ ነው» አለ፣ ሲያመሰግነው። ደሜ ፈላ። ሰው ሊገደል ነው፣ እኛ የገዳዩ ምላስ ጣፍጦናል። ቆይቶ ሳስበው፣ ደራሲው ይህን ያደረገው አውቆ መሰለኝ፤ ምስጢሩን አካፍሎን ዝም ባልን ቀን የተንኮለኛው ወገን ሆነን እንገኛለን።

በኋላ እኔ የቋጨሁትን ጋቢ ለብሶ፣ የጸሎት መጽሐፍ ይዞ፣ በሁለት ካህናት መሀል ብቅ አለ። ንገሥልን ሲሉት አቅም የለኝም ይላል። እምቢ ባለ ቁጥር ልመናው ይበረታል። ከኋላዬ ያሉ እናት ድግስ ላይ እንዳሉ ሁሉ «ኧረ እሺ በል ልጄ» አሉ። እኛ እንግዳ በቃኝ ሲል ምለን ካላጎረስን ደስ አይለንም፤ ትሑት የመሰለን ሰው እንዲሁ ካልለመንን ነውር ይመስለናል። መድረኩ ላይ ያለው የከተማው ሕዝብ ግን ዝም ብሎ ነበር የቆመው። የጮኹት የእሱው ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ያ ጩኸት የሕዝብ ድምፅ ተባለ። የጸሎት መጽሐፉን ሳይ ደግሞ የነጋዴው ሙስበሃ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ፣ ከንዴት።

ወሬው ባስጠራው የእድሩ ምርጫ ቀን እኛ ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ከኋላ ተቀምጠናል። ደላላው ተነሳ። «ከእርስዎ ሌላ ማን አለን? በአላህ፣ እምቢ እንዳይሉን» አለ ወደ ነጋዴው።

«ተውኝ ወንድሞቼ፣ ምን አቅም አለኝ። እኔን ሶላቴ ይበቃኛል።»

«ኧረ ይቀበሉ፣ ኧረ በእግዚአብሔር» ይሉ ጀመር የደላላው ጓደኞች። እሱ አንገቱን ደፍቶ እምቢ አለ። የቀረው ሰው ዝም።

ተነሳሁ።

«እሳቸው እኮ እምቢ ብለዋል። ሶላት ይበቃኛል ያለን ሰው ከሶላቱ መለየት ወንጀል ነው፤ ለምን እናስገድዳቸዋለን?»

ከጎኔ ሳቅ ተሰማ። ነጋዴው ቀና አለ። «እህቴ፣ አልገባሽም እኮ…»

«ገብቶኛል ጋሼ። አቅም የለኝም ብለዋል፣ አምነንዎታል።»

«እንግዲህ ሰው ከጨከነብኝማ ምን አደርጋለሁ…»

«ማንም አልጨከነብዎትም» አለች ሌላዋ ቋጪ። «ይረፉ።»

ነጋዴው ሙስበሃውን በጡጫው ጨበጠው። «ታዲያ ማን ሊመራችሁ ነው? ይሄ የጃጀ ሽማግሌ?»

አባቴ ሲላቸው የነበረውን ሁሉም ሰምቶታል። ሽማግሌው ከዘራቸውን አስተካክለው፣ «በሉ ምርጫው ይቀጥል» አሉ፤ እንደገናም ተመርጠው በሰብሳቢነታቸው ጸኑ።

እኛም በረንዳችን ላይ አለን። ስንወጣ ግን አንዲት ጨዋ ሴት ክንዴን ይዛ፣ «በሰው ፊት እንዲያ አይባልም፣ ነጋዴውን አሳፈርሻቸው» አለችኝ። እኔን። ንዴቴ እስከ ዛሬ ያልበረደው ለዚህ ነው፤ እሱ ያስመሰለው እምቢታ ትሕትና ሆኖ፣ እሱን ማመኔ ብልግና ሆነ።

በማግስቱ ነጋዴው ሙስበሃውን እየቆጠረ በፊታችን አለፈ። «አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ» አለኝ፣ በዚያው በማር ድምፁ። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና መለስኩ። ከምቋጨው ላይ ግን ቀና አላልኩም።