የሹራቡ አንገት

አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ስትሰፋ በሩን ትዘጋብኝ ነበር። ስትጨርስ ትጠራኝና የሹራቡን አንገት በጭንቅላቴ እያጠለቀች፣ «ያንቺን ጭንቅላት ካሳለፈ የሐይቅ ከተማን ሰው ሁሉ ያሳልፋል» ትላለች። ደንበኞቿ ይስቃሉ። ያን ሳቅ እስካሁን አልረሳሁላትም።

የስፌት መኪናዋን የወረስሁት እኔ ነኝ። የምሰፋው ሹራብ ግን ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ከዚያ በር ጀርባ ምን ታደርግ ነበር? እኔን ያስተማረችኝ «ጨርቁን መኪናው ይውሰደው፤ አንቺ አትጎትቺው» የሚለውን ብቻ ነው።

ሰሞኑን ተናድጄ ጨርቁን ከፊትም ከኋላም ወጠር አድርጌ ሰፋሁት። ስለጥጠው ክሩ አልተበጠሰም። ለካ እሷም በሩን ዘግታ ትጎትት ኖሯል።

አንገቱን በጭንቅላቴ አጠለቅሁት፤ አለፈ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚሰድበኝ ሰው ግን የለም።