ከሁለቱም ዳስ የበላው ዶክተር

እኔ የቆዳ ነጋዴ ነኝ። መንገድ መሪነት የጀመርኩት አንድ የዩኒቨርሲቲ ዶክተር መካነ ሰላም መጥቶ፣ "ቄሱንም ሸሁንም የሚያውቅ ሰው ፈልጉልኝ" ባለ ቀን ነው። ከሁሉም ደጅ ቆዳ ስለምገዛ ወደኔ ላኩት።

"ስንት ቋንቋ ታውቃለህ?" አለኝ።

"አንድ። እሱም ለዋጋ ክርክር ይበቃኛል።"

"እኔ ዘጠኝ።"

በዘጠኙም የበቅሎ ኪራይ ማስቀነስ አልቻለም።

በልጅነቱ ግእዝ ተምሮ ዲቁና ተቀብሏል። ኋላ ባሕር ማዶ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ጨመረ። ፕሮፌሰር ለመባል የቀረው፣ ሸህ ሰይድ ከአያታቸው የወረሱትን መጽሐፍ ፎቶ ማንሳት ብቻ ነበር። መጽሐፉ ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዓረብኛ ነው።

ስድስት ዓመት ተመላለስን። ሸሁ "ኢንሻአላህ" ሲሉት፣ እሱ የቃሉን ትርጉም ያስረዳቸዋል። ለሸሁ!

በመጨረሻ ሸሁ ለልጃቸው ሠርግ ጠሩን። "ከሠርጉ ማግስት ታየዋለህ" አሉት። በእኛ አገር ለእንዲህ ያለ ድግስ ሁለት ሰንጋ ይታረዳል፤ አንዱን ሙስሊም፣ አንዱን ክርስቲያን ያርደዋል። ዳሱም ሁለት ነው። ይህን አልነገርኩትም፤ ዘጠኝ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም ብዬ።

ዶክተሩ ከክርስቲያኖቹ ዳስ በልቶ ሲያበቃ ወደኛ ወደ ሙስሊሞቹ ዳስ ገብቶ ከጎኔ ቁጭ አለ።

"ዶክተር፣ የእርስዎ ዳስ ወዲያ ነው" አልኩት በሹክሹክታ።

"ለኔ ሁሉም አንድ ነው!" አለ፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማው። ከሥጋው ጎረሰ። ያጨበጭቡልኛል ብሎ ነው መሰለኝ ዞር ዞር አለ። አንድ ሰው ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ።

በማግስቱ ሸሁ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን።

"ዲያቆን ነህ ብዬ ነበር ቤቴ ያስገባሁህ።"

"የእርስዎን ሃይማኖት ላከብር ብዬ እኮ ነው፣ ሸህ!"

"የራስህን ያላከበርክ የኔን በምን ታከብራለህ? መጽሐፉ አማና ነው፣ አደራ ነው ልጄ። የማን ወገን እንደሆነ ለማላውቀው ሰው አላወጣውም።"

ዶክተሩ በዶክተርነቱ ጡረታ ወጣ። ጽሑፉ ላይ "መጽሐፉ ጠፍቷል" ብሏል አሉ። አልጠፋም፤ ባለፈው ጁምአ ሸሁ ቤት አይቸዋለሁ።

አሁንም አጥኚዎች ይመጣሉ። ስንት ቋንቋ እንደሚያውቁ አልጠይቅም። የማንን እርድ እንደሚበሉ እጠይቃለሁ። "ሁሉንም" ያለኝን ወደ ሰው ቤት አልወስደውም።