ሸራው ሳይቀነስ

ጋሼ ላይፍ ጃኬቱን አጣጥፈው ተቀመጡበት። የጀልባዬ መቀመጫ ቆርቁሯቸው ነው። ዋና እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ «ይልበሱት» ማለት ግን አቃተኝ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ፣ ኋላም ሚኒሶታ ያመጡኝ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። እሳቸውን የሚያዝ አፍ ከየት ይምጣ?

ጀልባዋን የተወልኝ ጡረታ የወጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ባለ ሸራ ናት፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ክፍልም አላት። ሦስት ሰመር ሙሉ ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ ተምሬባታለሁ። የዚያን ቅዳሜ ጋሼን ከሚኖሩበት ከኢገን አምጥቼ፣ ገና ከዳር ራቅ እንዳልን መሪውንም የሸራውን ገመድም ሰጠኋቸው። ታላቅ ቁጭ ብሎ ታናሽ ሲነዳ ደስ አይልም ብዬ ነው። አይ የኔ ነገር!

ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሸራ በከፊል ተጠቅልሎ የሚቀነሰው ነፋሱ ሳይደርስ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ማን ይችለዋል? ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጋሼ፣ ሸራውን ትንሽ ብንቀንሰው ምን ይመስልዎታል?»

«ምነው፣ ፈራህ እንዴ? ገና አሁን መሄድ ጀመረች!» ብለው ሳቁብኝ። ገመዱን እጃቸው ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙት። እንደዚያ እንደማይያዝ አውቃለሁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ነፋሱ ሲመታን ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። ጋሼ ተንሸራተው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገቡ።

«ይልቀቁት! ገመዱን ይልቀቁት!» ብዬ ጮህሁባቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እንዴት ይልቀቁት? እጃቸው ታስሯል፤ ሸራው በወጠረው ቁጥር ገመዱ ይበልጥ ይጠብቅባቸዋል። በአንድ እጄ ኮሌታቸውን ይዤ በሌላው ከወገቤ ቢላዋ መዝዤ ገመዱን ቆረጥሁት። ጀልባዋ ቀና አለች። ጎትቼ አወጣኋቸውና ሸራውን አውርጄ በጀልባዋ ሞተር ተመለስን።

ዳር ወጥተን ጎንበስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ስለጮህሁብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው።

ያበጠ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ይሄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እያወቅህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«አክብሬዎት ነው እኮ።»

«ልጆቼን እንዲህ ብለህ ልታረዳቸው ነበር? አክብሬው ሞተ ብለህ?»

ትከሻቸውን ልስም ስጠጋ በደህናው እጃቸው ገፉኝ።