የየኔታ የአሻራ ወረቀት

ቁጡ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝም። የባጃጅ ሹፌር ሆነ የቀበሌ ጸሐፊ፣ ካጠፋ አልምርም። የኔታ ፊት ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸዋ!

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት የሕፃናት ማንበቢያ ቤት ኃላፊ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶች ልጆቻቸውን ለእኔ ትተው ገበያ ይወርዳሉ። በነጻ ላስተምር ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፖሊስ ዘንድ አሻራ ሰጥቶ፣ ከወንጀል ነጻ ነው የሚል ወረቀት ሳያመጣ ልጆቹ ዘንድ አይገባም። ደንቡን ያወጣሁት እኔው፣ በሩ ላይ የለጠፍሁትም እኔው።

የኔታ ሲያረጁ ጉባኤያቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ትተው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሰባታሚት፣ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ፊደል ላስቆጥር ብለው ሲመጡልኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ወረቀትስ? ኧረ በስመ አብ! ያስተማሩኝን ሰው «ወንጀለኛ አለመሆንዎን ያስመስክሩ» ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝና መዝገቡ ላይ «የታወቁ ናቸው» ብዬ ጽፌ አለፍሁ።

ቆይቶ ሥዕል የሚያስተምር ወጣት መጣ። ሳቂታ ነው፤ ልጆቹ በአንድ ቀን ወደዱት። «እትዬ፣ ወረቀቱን ለሳምንት አመጣለሁ» አለኝና የኋላውን ክፍል ሰጠሁት። በሳምንቱ «ወረፋው አያድርስ ነው» አለ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቆጣ ብዬ ስጠይቀው፣ ፈገግ ብሎ በአገጩ ወደ የኔታ አመለከተኝ።

«እሳቸውስ አምጥተዋል እንዴ?»

ምን ልበል? እውነቱን ነው። ያን ቀን ከልጆቹ አጠገብ ሳልነቃነቅ ዋልሁ።

ሰኞ ሰባታሚት ሄድሁ። የኔታ ፊት ተቀምጬ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ ስቀባጥር፣ «የመጣሽበትን ተናገሪ እንጂ ልጄ» አሉኝ። ነገርኋቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አዘኑብኝ።

«ካስተማርሁ ስንት ቅዳሜ ሆነኝ?»

«ስድስት፣ የኔታ።»

«ስድስት ቅዳሜ የሰው ልጅ ሰጠሽኝ። አንቺ እኔን የምታውቂኝ ሀ ሁ ስትይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰውዬ በምን አወቅሽው?»

በነጋታው ፖሊስ ጣቢያ አብረን ሄድን። ዕድሜ ልካቸውን ብራና ሲፍቁ ጣታቸው ልሞ ኖሮ መሣሪያው አሻራቸውን አላነብ አለ። ፖሊሷ ጣታቸውን ጠርጋ ደጋግማ አስነካቻቸው፤ እሳቸው «አይዞሽ፣ ድገሚው» ይሏታል። በመጨረሻ መሣሪያው አነበበ፤ ወረቀቱ ዓርብ ደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ወጣቱ አየው። «እኔም ሰኞ አመጣለሁ» ብሎ ቀለሞቹን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም፤ ስልኩም ዝግ ነው። ጥፋት ይኑርበት አይኑርበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው በባዶ መጠርጠርም ኃጢአት ነው። ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቶቹን ገበያ ሳይወርዱ ሰብስቤ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ተቆጡ፣ ሰደቡኝ፤ ይገባኛል። አንዷ ብቻ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

«ሁለት ቅዳሜ የኋላው ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር ከልጆቹ ጋር?» አለችኝ።

«አዎ።»

የልጇን እጅ እንደያዘች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እሺ፣ አሁን ልጄን ምን ብዬ ልጠይቃት?» አለች።

ማንበቢያ ቤቱን ለየኔታ ትቼ፣ ልጅቷን አብረን ልንጠይቃት ከእናትና ልጅ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድሁ።