አቶ ግርማ የሰጡት ቃል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሩት ከኮሌጅ መጥታ ስልኳን ከፊቴ አቆመችና «እማዬ፣ እስቲ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገሪ» አለችኝ። የመጣልኝን ተናገርኩ። ከአፌ ሳይወጣ ስልኩ ቃል በቃል እየጻፈው ሄደ። የአስተማሪዎቿን ሌክቸር እንዲህ እያስጻፈች ነው አሉ የምታጠናው። አየት አደረግሁና «እዚህ ጋ ኮማ አይገባም» አልኳት። ሳቀች። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኮማ የሚያስጨንቅሽ አለችኝ።

ወጡ እንዳያርብኝ ብዬ ተነሣሁ። በዚህች የባዕድ አገር ከተማ ኮማ እያስገባሁና እያወጣሁ እንጀራዬን ልበላ የሞከርኩበት ጊዜ እንደነበረ ሩት አታውቅም። ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ከታላቅ እህቴ ከጽጌ ጋር ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ እንኖር ነበር። ጽጌ ዶናት ቤት ትሠራለች፤ ከሺፍት ስትመለስ ያደረውን ዶናት በወረቀት ከረጢት ይዛ ስለምትመጣ ካፖርታችንም መጋረጃችንም ስኳርና የከረመ ዘይት ይሸት ነበር። እኔ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። ትምህርት ቤት እያለሁ በእንግሊዝኛ ስፔሊንግ የሚያህለኝ አልነበረም፤ ታዲያ ያ ሁሉ ጉብዝና አንሶላ ጫፍ ለማጠፍ ነው ወይ እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

አንድ ቀን ላይብረሪ ውስጥ ስለ አንድ የማታ ኮርስ የሚናገር ማስታወቂያ አየሁ። ጠበቆች ሰው ሲጠይቁ፣ ምስክር ቃሉን ሲሰጥ፣ በካሴት እየቀዳ፣ እየተከታተለ የሚመዘግብ ጸሐፊ አለ። ጸሐፊው የተየበው ረቂቅ ደግሞ ከካሴቱ ጋር እየተመሳከረ የሚታረምለት ሰው ይፈልጋል። አራሚው ተቀጣሪ አይደለም፤ ደንበኞቹን ራሱ ፈልጎ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው። ቤቴ ቁጭ ብዬ የሚለው ነገር ነው ልቤን የወሰደው።

ያስተማሩን ጡረታ የወጡ አንድ ጸሐፊ ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የነገሩን አንድ ነገር ነው፤ ሰው ያለውን ትጽፋላችሁ፣ ሊል የፈለገውን አይደለም። ምስክሩ ቢንተባተብ መንተባተቡን፣ ሰዋስው ቢያፈርስ እንዳፈረሰው። ይህን ሕግ እንዴት እንደወደድኩት! በዚያ ጊዜ አውቶቡስ ላይም፣ ባንክ ቤትም፣ ሆቴሉም ውስጥ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚያርመኝ ሰው አላጣም ነበር። የማንም አነጋገር የማይነካበት፣ የሁሉም ቃል እንደ ወጣ የሚከበርበት ሥራ በዓለም ላይ መኖሩ አስደነቀኝ። በእግር እየተረገጠ ካሴቱን የሚያስቆምና የሚመልስ መሣሪያ ገዛሁ፤ ጽጌ የልብስ ስፌት መኪና መስሏት ነበር።

ኮርሱ አለቀ፤ ደንበኛ ፍለጋው ተጀመረ። በጥር ብርድ፣ በረዶው እንዲቀልጥ የሚበተንበትን ጨው ጠጥቶ ጭቃ በሆነበት ሰዓት፣ ጫማዬ ላይ ነጭ የጨው ምልክት ይዤ ከአንዱ የጸሐፊዎች ቢሮ ወደ ሌላው ዞርኩ። እንግዳ መቀበያዋ ላይ ያለችው ልጅ ስሜን ስፔል ታስደርገኛለች፤ ቢዝነስ ካርዴን ተቀብላ ከመሳቢያ ትከታለች፤ ኮል እናደርግልሻለን ትለኛለች። ማንም ኮል አላደረገም። አንዱ ብቻ በስልክ እቅጩን ነገረኝ፤ ለዚህ ሥራ እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋ መሆን አለበት አለኝ። የሙከራ ገጽ ይላክልኝ ብዬ ለመንኩ። ስልኩን ዘጋው። ከዚያ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወርጄ ፓቲ የሚሉትን ትኩስ በሥጋ የተሞላ ቂጣ ገዛሁና ቆሜ በላሁ፤ በርበሬው ዓይኔን ሲያስለቅሰው ደስ አለኝ፤ ሰው ቢያየኝም ምክንያት ነበረኝ።

በስንት መከራ አንዲት ደንበኛ አገኘሁ፤ ወይዘሮ ዶሪንን። ኢቶቢኮ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ረጅም መንገድ በእግር በሚኬድበት ሰፈር፣ ለብቻቸው የሚኖሩ ጸሐፊ ነበሩ። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ስለያዛቸው እርማቱን የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬን ከዳር እስከ ዳር አገላብጠው አዩና ምንም ሳይሉ ሌላ ካሴት ሰጡኝ። ከዚያ በላይ ምስጋና አልፈለግሁም። ከሳቸው ቤት በወጣሁ ቁጥር መንገዱ የሚያጥርልኝ ይመስለኝ ነበር። ከሆቴሉ ሥራም ግማሹን ቀነስኩ፤ ጽጌ ተይ ብላኝ ነበር።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው ያ ካሴት የመጣው። ከዋናው ችሎት በፊት የሁለቱ ወገን ጠበቆች ተቀምጠው ከሳሹን የጠየቁበት ነበር። መሣሪያውን ረገጥ አድርጌ ጆሮዬ ላይ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» የሚል ሆነ። በአማርኛ። ደንግጬ አቆምኩት።

ሰውየው አቶ ግርማ ይባላሉ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያወርዱ ከመሰላል ወድቀው ወገባቸው ተጎድቷል፤ መሰላሉ የተበላሸ ነበር ብለው ድርጅቱን ከሰዋል። አስተርጓሚዋ በድምፅዋ ልጅ እግር ናት፤ አማርኛዋ እዚህ ያደገ ሰው አማርኛ ነው። እስከ መካከሉ ድረስ ደኅና ሄደች። ከዚያ የድርጅቱ ጠበቃ በሥራ ሰዓት ጠጥተው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። አቶ ግርማ እንደ መሳቅም፣ እንደ መቆጣትም ብለው «እኔ? መቼ ጠጥቼ አውቃለሁ» አሉ።

ለእኔና ለእናንተ ይህ ቀምሼ አላውቅም ማለት ነው። ልጅቷ ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ለቀመችና «መቼ እንደጠጣሁ አውቃለሁ» ብላ በእንግሊዝኛ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ስለ መጠጥ ሆነ። አቶ ግርማ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አልጠጣም አሉ፤ ይህኛው በትክክል ተተረጎመ፤ ግን አሁን ቃላቸውን የሚለዋውጡ ሰው ሆነው ታዩ። ለምን ደጋግመው እንደሚጠይቋቸው ግራ ገብቷቸው ድምፃቸው እየደከመ ሲሄድ ይሰማኛል። የገዛ ጠበቃቸውም አማርኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አልተቃወመም። ልጅቷን አልፈርድባትም። ሩትን ዛሬ ብትጠይቋት እሷም እንደዚያው ትተረጉመው ይሆናል።

ረቂቁ ላይ ያለው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። አማርኛው አይጻፍም። የምስክሩ ቃል የሚባለው አስተርጓሚው ያለው ነው።

በማግስቱ ኢቶቢኮ ሄጄ ለወይዘሮ ዶሪን ነገርኳቸው። ሻይ እየቀዱ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና እስክጨርስ ሰሙኝ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ያሉኝ ይህ ነው፤ «የምትዪው እውነት ይሆናል። እኔ ግን የሰማሁት እንግሊዝኛውን ነው፤ ትክክል ነው ብዬ የምፈርመውም በሱ ላይ ነው። ወደ አንደኛው ወገን ሄጄ ይህን ካልኩ ከነገ ወዲያ ማንም አይጠራኝም። አንቺም በዚህ ሥራ ያየሽውን ላለመናገር ፈርመሻል።» ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ሲሉኝ ዓይኔን ማየት አልቻሉም።

ሥራውን ጨርሼ መለስኩ። ያንን ዓረፍተ ነገር ከካሴቱ ጋር አመሳከርኩት፤ ልጅቷ ያለችው እንዳለችው ተጽፏል። የማርመው ነገር አልነበረውም።

ጽጌ እንጀራሽን በእጅሽ አትድፊ አለችኝ። እኔም ለራሴ እንደዚያው አልኩ። ግን አልጋ ባነጥፍም፣ አውቶቡስ ብጠብቅም የሰውየው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በዚያ ላይ አገሩ ሰፊ ቢሆንም የእኛ ሰው ትንሽ ነው። ከጽጌ ጋር የምትሠራ አንዲት ሴት እሳቸው የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር፤ ስለ ወገባቸው ጸሎት ይደረግላቸው እንደነበረ ነገረችን፤ ቤታቸውንም አሳየችኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። በረዶው ሟሙቶ ሣሩ ገና ቡናማ ነው፤ በፎቆቹ መሀል የሚያልፈው ንፋስ ሰውን ይገፋል። አቶ ግርማ በከዘራ እየተደገፉ በሩን ከፈቱልኝ። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ልብሳቸው ግን ሰፍቷቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ሥራ ላይ ስለነበሩ ሻዩን ራሳቸው አፈሉልኝ፤ ልርዳዎ ብል እምቢ አሉ። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ከዚያ እሳቸው ያሉትንና በእንግሊዝኛ የተባለውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነገርኳቸው።

እንግሊዝኛውን አንድ ጊዜ ድገሚልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው።

«አሁንም ለጠበቃዎ ቢነግሩት ካሴቱ ይሰማል፤ ሌላ አስተርጓሚ ያዳምጠዋል» አልኳቸው።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ልጄ» አሉ። ጠበቃው ወረቀቱ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ በዚያው ቀን በጆሮው ሰምቶ ነበር። አንተው ራስህ ስለ መጠጡ እንዲያ ከተናገርክ በኋላ የሚሰጡህን ተቀብለህ ከማለፍ ሌላ ምርጫ የለህም ብሏቸው፣ በሳምንቱ ፈርመዋል። ይህን የነገራቸው ባለቤታቸው ባሉበት ነበር። «አስቴር እንኳ ማታ ‹እውነቱን ንገረኝ› አለችኝ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት አብራኝ ኖራ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከታች ልጆች ገና ባልደረቀው ሜዳ ኳስ ይጫወታሉ።

«እስከ ዛሬ ያላመኑኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ለካ ጭራሽ አልሰሙኝም።»

ላዝንላቸው ሄጄ አልነበረም፤ ልረዳቸው ነበር የሄድኩት። ያመጣሁላቸው ግን አዲስ ሐዘን ብቻ ነበር። አለማመንን ሰው እንደምንም ይችለዋል፤ እግዜር ያውቃል ብሎ ይተወዋል። ይህኛውን ምን ብለው እንደሚችሉት አላውቅም። ልሂድ ብዬ ስነሣ ተቀመጪ አሉኝ። አስቴር እስክትመጣ ቆይተሽ ለሷም ንገሪልኝ፣ እኔ ብነግራት ሰበብ ይመስላል አሉ።

ቆየሁ። ወይዘሮ አስቴር የጽዳት ሠራተኛ ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ገቡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ ባለቤታቸውን አላዩም፤ እኔንም አላዩኝም። ወደ ማድቤት ገብተው ውኃ ከፈቱ። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። ተሰናብቼ ስወጣም ውኃው እየፈሰሰ ነበር።

ለወይዘሮ ዶሪን አቶ ግርማ ቤት ሄጄ እንደነበረ ራሴ ነገርኳቸው። ከሌላ እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ልክ ነሽም አላሉኝ፣ ተሳስተሻልም አላሉኝ። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ አሉ፤ በእጄ የነበሩትን ካሴቶች ተቀበሉ፤ በዚያ በተቆለመመ ጣታቸው እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። አበቃ። በጋውን ሁሉ ሌላ ደንበኛ ፈለግሁ። አሁን ደግሞ ከዚህ በፊት ከማን ጋር ሠርተሽ ነበር ይሉኛል፤ የማንን ስም እጠራለሁ? ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ተውኩት። ሆቴሉ የቀነስኩትን ሰዓት መልሶ ሰጠኝ።

አቶ ግርማን ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ከወይዘሮ አስቴር ጋር ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ልጃቸው ሄዱ ሲባል ሰማሁ። ወገባቸው ይዳን አይዳን፣ በሁለቱ መሀል የገባው ነገር ይውጣ አይውጣ የነገረኝ የለም።

አሁን አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው፤ ይኸው ፀጉሬም እዚያው ሸበተ። ካሉት መሀል እንግሊዝኛ ያልገባቸው የአገራችን እናቶችና አባቶች አሉ። ሐኪም ሲመጣ አለቃዬ አማርኛ ትችዪ የለ፣ ግቢና አስተርጉሚ ትለኛለች። አልችልም እላታለሁ። ከአዛውንቱ ጋር በአማርኛ ስንሳሳቅ ቆይተን፣ እሷም ሰምታን፣ አልችልም እላታለሁ። ከዚያ በስልክ አስተርጓሚ ይጠሩላቸዋል። አስተርጓሚው መስመሩ ላይ ሲገባ የአልጋውን ራስ ቀና አደርግላቸዋለሁ፣ ብርድ ልብሱን አስተካክላለሁ፤ አዛውንቱ መናገር ሊጀምሩ ሲሉ፣ ያሉትንና የሚተረጎመውን ጎን ለጎን እንዳልሰማ፣ ወጥቼ በሩን ከኋላዬ እዘጋለሁ።